ሃምሳ ፊልም በአንድ ካርቶን

«እናቱን በሲኒማ የለወጠ ሰው ሁለተኛ የዚህን ቤት ደፍ አይረግጥም። እማዬ ከጠየቀችኝ ባህር ማዶ ሄዷል ነው የምላት» አለች በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ባለ ላባ ባርኔጣ ሴትዮ። ይህን ብላ ፊቱ በፋሻ በተጠቀለለው ሰውዬ ላይ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። የባንክ ቤቷ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። የመምህሩ ሚስት የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ስለነበረች አልሰማችምና «ምን አለችው? ኧረ ምን አለችው?» እያለች ትጮሃለች። ፀጉር ሠሪዋ ግን ቢጎዲን ያነሳችበት እጅ አየር ላይ ቀረ። ቃሉ የሷ ነው። ተመሳሰለ እንዳይባል አንድም አልጎደለበትም፣ አንድም አልተጨመረበትም። በገዛ አፏ፣ በገዛ በሯ ላይ ቆማ፣ ለገዛ ወንድሟ የተናገረችው ነው። ያን ቀን ደግሞ ከሁለቱ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ውሎ አልተመለሰም ነበር። ታዲያ ይህቺ አፈር ከበላት ስንት ዘመን ያለፋት የጥቁርና ነጭ ሴትዮ ከየት አምጥታ ተናገረችው?

ነገሩን ያመጣው የዲሹ መበላሸት ነው። ፀጉር ቤት ያለ ቴሌቪዥን አይሆንም። ሰው ካስክ ሥር ዝም ብሎ ሲቀመጥ የቤቱን ጣጣ ማሰብ ይጀምራል፣ የቤቱን ጣጣ ያሰበ ሰው ደግሞ የሚያራግፈው ፀጉር ሠሪ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሸራ ዘርግቶ ሲዲ ከሚሸጠው ሰውዬ አንድ ካርቶን ገዛች። ሽፋኑ ላይ የምትጮህ ሴት፣ አንድ ትልቅ ዓይንና የጎሪላ እጅ አለ፤ ከላዩ «ሃምሳ የድሮ ፊልም፣ ሁሉም ትርጉም» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ሻምፖ ያንሳል። «ይሄን ያህል ከረከሰ ምን ሊረባ ነው?» ብትለው ሻጩ «እመቤቴ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል፤ ባለቤት የሌለው ነገር ርካሽ ነው» አላት። መልሱ ደስ አላትና ገዛችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል እንደሆነ በምን ታውቃለች።

እውነት ለመናገር ጠዋቱ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም የእብድ ዶክተር ታሪክ ነው፤ ዶክተሩ ምድር ቤት ውስጥ በብልቃጥ የሚፈላ ነገር ያፈላል፣ ነጎድጓድ ይጮሃል፣ ግድግዳው የተሠራበት ካርቶን በነፋስ ይነቃነቃል። የሚገርመው ዶክተሩንም፣ ሚስቱንም፣ ፖሊሱንም፣ ውሻውንም የሚናገርላቸው አንድ ሰው ነው። ሴት ሲሆን ድምፁን ያቀጥናል፣ ሽማግሌ ሲሆን አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ይጎርሳል፣ ሁለት ሰው አንዴ ሲያወራ ደግሞ ይጨንቀውና አንዱን ይተወዋል። የባንክ ቤቷ ልጅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በጥጉ ሶፋ ላይ የተቀመጠችው የፀጉር ሠሪዋ እናት ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ከዘራ አትንቀሳቀስም። ልጇ ብቻዋን ቤት ከምትተዋት ብላ በየቀኑ ይዛት እየመጣች ሶፋው ላይ ታስቀምጣታለች፤ እሷም ቀኑን ሙሉ የታጠበ ፎጣ በዳበሳ ታጥፋለች። ዛሬ ግን ማጠፏን ትታ ፎጣውን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ጆሮዋን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብላ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ድምፁን ጨምሪው» አለች። ፀጉር ሠሪዋም እሰይ፣ እማዬ የምትወደው ነገር ተገኘ ብላ ጨመረችው። ሁለተኛው ፊልም ላይ ነው ባለ ላባዋ የመጣችው።

ፀጉር ሠሪዋ ተንደርድራ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «ኧረ መጨረሻውን» አለች የባንክ ቤቷ ልጅ። «ቀሽም ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ ማበጠሪያ የምትፈልግ መስላ። ከካስኩ ጉርምርምታ በቀር ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል፣ የበሩ መጋረጃ እንኳን አልተነቃነቀም። በዚያ ዝምታ ውስጥ እናትየው ፎጣዋን አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችና፣ ሰው ሰዓት እንደሚጠይቅ ሁሉ በዝግታ፣ «ድምፁ የልጄ ነው» አለች። «ቃሉ ደግሞ ያንቺ ነው። እንደዚህ የምትናገር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።»

እንግዲህ ወንድምየው ሬዲዮ ይባላል። ስሙ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ስለማይዘጋ የሰፈር ልጆች ያወጡለት ነው። ሥራ አልነበረውም፤ ቀን ቪዲዮ ቤት ይውላል፣ ማታ ያየውን ፊልም ለእናቱ ሲተርክ ያመሻል፤ ሲተርክ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም እሱ ነው። እናት ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ ትሰማዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችው እህት ደግሞ ሳህን እያጠበች ጥርሷን ትነክሳለች። አንድ ቀን እናቱን ገላ እያስታጠበ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ ያላለቀ ፊልም ነበረው። እናት ብቻዋን ከመታጠቢያ ቤቱ ልትወጣ ስትል ሸርተት ብላ ወደቀች። እህት ከሥራ ስትመለስ ነው ሲሚንቶው ላይ ያገኘቻት። በማግሥቱ በሩ ላይ ያን ቃል ተናገረችው፤ እንዳለችም አደረገች፣ እናት ከሆስፒታል ወጥታ «ሬዲዮስ?» ስትል ባህር ማዶ ሄዷል አለቻት። ውሸት ደግሞ አንዴ ከተወለደ ቀለብ ይፈልጋል። በየጊዜው «ደውሎ ነበር፣ ተኝተሽ ነው»፣ «ሰላም በያት ብሎኛል»፣ «እዚያ ብርድ ነው፣ ካፖርት ገዝቷል» እያለች ስትቀልበው ኖረች። ክፋት አልነበረባትም። ተናዳ ነበር፣ ንዴቱ ሲበርድላት ደግሞ የምትመለስበት መንገድ ጠፋባት።

ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችው፣ የመምህሩን ሚስት ከካስክ አውጥታ በጥድፊያ አበጠረች፣ የባንክ ቤቷን ልጅ «ቢጎዲኑ እስኪደርቅ እማዬን እዪልኝ፣ መጣሁ» አለቻት። ከአፏ የወጣው ቃል የማን እንደሆነ የታወቃት ደጅ ከወጣች በኋላ ነው። ሲዲ ሻጩ ዘንድ ሄዳ ካርቶኑን የሚያዘጋጁት የት እንደሆነ ጠየቀችው። ልትመልስበት መስሎት ፊቱን አጨፈገገ፤ ልትመልስ እንዳልሆነ ሲገባው ግን ከጎሚስታው ጀርባ ነው ብሎ አቅጣጫውን በእጁ ሥሎ አሳያት። ሁለት ታክሲ ነው። በመጀመሪያው ታክሲ ስድቡን አዘጋጀች፣ በሁለተኛው አሳመረችው። ጉድ እኮ ነው፤ በከተማው ስንት ካርቶን ተሸጧል? ስንቱ ቤት ስንቱ ሰው ተቀምጦ ጉዷን እየሰማ ስቋል? ይሄ አፈ ቀላጤ፣ ይሄ እናቱን ጥሎ የሄደ፣ ጭራሽ እሷን ክፉ ሴትዮ አድርጎ ላባ ሰክቶባት ይሸጣታል? ጎኗ የተቀመጡት ሰውዬ ብቻዋን ስታወራ አይተው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ።

ጎሚስታው ጋ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጎማቸውን አስደግፈው ጥላው ሥር ቆመዋል፣ ማንም ግን እየሠራላቸው አይደለም። ባለቤቱ ኮምፕረሰሩ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገባትና «ፊልም እየተቀዳ ነው፤ እሱ ሲያርፍ ነው እኛ የምንነፋው» ብሎ በሹክሹክታ ነገራት። ሰዎቹም የተቆጡ አይመስሉም፤ ጆሯቸውን ከጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ በር ጣል አድርገው ያዳምጣሉ። በሩ በትንሹ ገርበብ ብሏል። ፀጉር ሠሪዋ በክፍተቱ ብታይ፣ ግድግዳው ሁሉ አሮጌ ፍራሽና ብርድ ልብስ የተሰቀለበት አንዲት ጠባብ ክፍል አየች። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷት ማይክራፎን ፊት ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቋል፣ ከሲታ ሆኗል፣ ማጅራቱ ላይ ያለው ፀጉር ተንጨባሯል፤ ማን ይህን ይቆርጣል ብላ ሳታስበው አሰበች። ፊቱ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ አንድ ትልቅ ጎሪላ በር ያንኳኳል። ጎሪላ አይባልም፣ ዚፑ ከጀርባው ይታያል። የሌሊት ልብስ የለበሰች ሴት በሩን ከፍታ አፏን በሰፊው ትከፍታለች፤ ማንም ሰው ቢያያት እየጮኸች እንደሆነ ያውቃል። ሬዲዮ ግን አገጩን ቀና አድርጎ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በጣም በቀስታ «ግባ። ከውጭ ይበርዳል። እማዬ ሳትተኛ እየጠበቀችህ ነው» አለላት። ሴትየዋ እራሷን ስታ ወደቀች፣ ጎሪላው አቅፎ አነሳት፣ ፊልሙ አለቀ። ከጎማ አስነፊዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ሬዲዮ ዞር አለ፣ አያትም። ሁለት ታክሲ ሙሉ ያሳመረችው ስድብ ከአፏ ጠፋ። «እታለም» አላት፣ በልጅነቱ ይጠራት እንደነበረው። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ሰደብከኝ» አለች። «በሰው ሁሉ ፊት ነው የሰደብከኝ።»

«አልሰደብኩሽም» አለና ሲያወራ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እጁን አነሳ፤ ግን መልሶ አወረደው። «ሴትየዋ የምታወራውን ቋንቋ አላውቀውም። አለቃዬም አያውቀውም። ከንፈር ከተንቀሳቀሰ ሙላው ነው የሚለኝ። በምን ልሙላው? ባል የሚጣላ ሲሆን የጎረቤቱን አመጣለሁ፣ ፖሊስ ሲሆን ከሌላ ፊልም። በር የሚዘጋ ሰው ሳይ ግን የማውቀው ያቺን ብቻ ነው። ሌላ የለኝም፣ እታለም።»

«አሁን ያልካትስ? ግባ ያልካት?»

ሬዲዮ ፊቱን አዞረ። ስክሪኑ ላይ ጎሪላው ሴትየዋን እንዳቀፈ ቆሟል። «እሱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሱን ማንም ብሎኝ አያውቅም። በየፊልሙ መጨረሻ አንድ በር እፈልግና የሆነ ሰው አስገባበታለሁ። አለቃዬ እስካሁን አልነቃብኝም፤ መጨረሻውን አያይም።»

እዚህ ጋ አልቅሳ ቢሆን ይቀላት ነበር። እሷ ግን የምታለቅስ ሰው አይደለችም፤ ሲጨንቃት ዕቃ የምታነሳና የምታስቀምጥ ሰው ናት። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ስፖንጅ አነሳች። ሽማግሌ ሲሆን የሚጎርሳት መሆኗ ገባትና መልሳ አስቀመጠቻት። «እማዬ ሰምታሃለች» አለችው። እሱ ስለሌላው ምንም ሳይጠይቅ «ትራመዳለች?» አለ። «በከዘራ» አለችው። ዓይኑን ወደ ጎሪላው መለሰ፣ ቅድም ያን ሁሉ ሰው የሆነ አፍ አንድ ቃል አልወጣ አለው። ና ልትለው ፈለገች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን በእልህ ያደገ ምላስ እንዲህ ያለውን ቃል ቶሎ አይለቅም። «እንግዲህ ቤቱን ታውቀዋለህ» ብላው ወጣች። ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ስለነበር መስማቱን እንኳን አላወቀችም። በሁለቱም ታክሲ ስትመለስ ራሷን ስትሰድብ መጣች። ሰው ወንድሙን እንዲህ ይጠራል? ጎሪላ እንኳን በወጉ ግባ ተብሏል።

ስትመለስ ቴሌቪዥኑ በርቷል። የባንክ ቤቷ ልጅ ቢጎዲኗ ከደረቀ ቆይቷል፣ ግን አውልቃ አልሄደችም፤ ሶፋው ላይ ከእናትየው ጋር ተጠጋግታ ተቀምጣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ትነግራታለች፣ እናት ደግሞ ድምፁን ትሰማለች። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያልቀው» አለች ልጅቷ ለፀጉር ሠሪዋ፤ «መርከቡ ሰምጦ ውሃ ውስጥ እንኳን በር አግኝተው ግባ፣ ከውጭ ይበርዳል ተባባሉ።» ፀጉር ሠሪዋ ቢጎዲኑን አወለቀችላት፣ በእጇ አፍታታ ለቀቀቻት፣ የሚከፈላትን እንኳን ሳታይ ሸኘቻት። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ወለል መጥረግ ጀመረች። እናትየው ፊልሙ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ «ባህር ማዶ ያልሽው ስንት ታክሲ ነው?» አለች።

«ሁለት» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ መጥረጊያውን ይዛ።

«ካፖርት ገዛ ያልሽኝ ለሁለት ታክሲ ነው?»

መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ እናቷ እግር ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች። «ወድቀሽ ሳገኝሽ የሞትሽ መስሎኝ ነበር እማዬ» አለች። «ከዚያ ወዲህ እሱን ባየሁት ቁጥር ያቺን ሲሚንቶ የማይ መሰለኝ።» እናት በዳበሳ የልጇን ራስ አገኘችና እጇን ጫነችበት፤ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አላሻሸቻትም። «የወደቅሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይቅር የምለውም እኔ ነበርኩ። ላንቺ ማን ውክልና ሰጠሽ? እሱ የማያውቀውን ሰው ያናግራል፣ ሥራው ነው። አንቺ ግን ልጄን እዚህ ቁጭ ብለሽ ስታስተረጉሚልኝ ኖርሽ። ሰላም ብሎሻል፣ ደህና ነኝ ብሏል። እኔ ደግሞ አምኜ ብርድ ገደለው ብዬ ስጨነቅ አድራለሁ።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ፀጉር ሠሪዋ ትችለው ነበር። «ጠርቼዋለሁ» አለች። «ማለት... ቤቱን ታውቀዋለህ ብዬዋለሁ።» እናት «አይ አንቺ» አለች፣ ምን ማለቷ እንደሆነም አላብራራችም።

ቤታቸው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ አንድ ግቢ ተሻግሮ ነው። አመሻሹ ላይ እናቷን ደግፋ አስገባች፣ ሾርባ አሞቀች፣ ዳቦ ቆረጠች፤ ሦስት ሳህን አወጣችና አንዱን መለሰችው፣ ቆይታ ደግሞ አወጣችው። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል እንጂ አይወጣም፣ ሁለቱም በላብ ረጥበዋል። እናት አልበላችም፣ ኋላ እበላለሁ አለች። ማንን እንደምትጠብቅ አንዳቸውም አልተናገሩም። ከመንገድ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር የከዘራው ጫፍ ወለሉን ነካ ያደርጋል፣ ኮቴው ሲያልፍ ይተዋል። ፀጉር ሠሪዋ አይመጣም አለች በሆዷ። እኔም ብሆን አልመጣም፤ በዚያ አጠራር ማን ይመጣል? ነገ ደግማ ትሄዳለች፣ ከነገ ወዲያም ትሄዳለች፣ ጎማቸውን ከሚያስነፉት ጋር ተሰልፋም ቢሆን ትለምነዋለች። ይህን እያሰበች ነው በሩ የተንኳኳው።

ከፈተች። ሬዲዮ የጎሚስታው አቧራ ያለበት ጫማውን ደጋግሞ መሬት ላይ ጠረገ፣ አሁንም ግን ደፉን አልረገጠም። ሸሚዝ ቀይሯል፤ ፀጉሩን በውሃ ወደኋላ ሊያስተኛ ሞክሯል፣ አልተኛለትም። ሃምሳ ፊልም ሙሉ ሰው ያናገረ ሰውዬ ቆሞ ምራቁን ይውጣል። እሷም በሩን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ያኔ የዘጋችው በዚሁ እጇ ነው። ከጀርባዋ ከዘራው ወለሉን መታ መታ አደረገ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች እናት ከውስጥ። «ያንቺ ተራ ነው እኮ። ግባ ነው የምትይው።»

«ግባ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

እሱ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ አላነሳም።

«የቀረውስ?» አለች እናት።

የሸሚዙ አንገት ገና ካሁኑ በላብ ርሷል፣ የሷም ግንባር ያልባል። «ከውጭ ይበርዳል» አለችው እህቱ፣ በሩንም እስከመጨረሻው ከፈተችለት።